ለድብርት የሚወሰድ የዕፅዋት መድኃኒት የሌሎች መድኃኒቶችን ኃይል ያዳክማል

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ተፈናቅለው፣ ዋና ከተማው ጨለለቅቱ የሆነውን የኮቸሬ ወረዳ ጨምሮ በተለያዩ ወረዳዎች ተጠልለው እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ያለው መከራ ካለፈ በኋላም ድብርት ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ለድብርት በዓለም በስፋት ከሚወሰዱት የዕፅዋት መድኃኒቶች ዋነኛው ሴንት ጆንስ ዎርት ከተባለ የአውሮፓ ተክል የሚዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነና 5 ሺህ 489 ሕሙማን የተካተቱባቸውን 29 ጥናቶች ያጠቃለለ ግምገማ፣ መድኃኒቱ ለድብርት ከባዶ እንክብል የተሻለ ውጤት እንዳለው አመልክቷል።

የአንጎል ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡት ሴሮቶኒንን በመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ሲሆን፣ ንጥረ ነገሩ ከአንዱ ሴል ወጥቶ በሌላው ሴል ሽፋን ላይ ከሚገኙ ተቀባዮች ጋር ይጣመራል። ከዚያም በሽፋኑ ላይ ያለ አጓጓዥ ወደ መጣበት ሴል ይመልሰዋል። ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ይህን አጓጓዥ በቀጥታ ያግዳሉ። በተክሉ ውስጥ የሚገኘው ሃይፐርፎሪን ግን በሽፋኑ ላይ ያለ መተላለፊያ ከፍቶ ሶዲየም ወደ ሴሉ እንዲገባ ስለሚያደርግ አጓጓዡ የሚሠራበት ኃይል ይዳከማል፤ ሴሮቶኒንም ከተቀባዮቹ ዘንድ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ይሁንና ሃይፐርፎሪን በጉበት ሴሎች ውስጥ የሚገኝ ሌላ ተቀባይም ያነቃቃል። በዚህም ጉበት መድኃኒቶችን የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን አብዝቶ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ኢንዲናቪር የተባለው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ የነበረው መጠን በ57 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርና በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያም በዚሁ መንገድ ሊዳከሙ የሚችሉ ናቸው። ከፍሉኦክሰቲን ጋር አብሮ መውሰድ ደግሞ ሴሮቶኒን ከመጠን በላይ እንዲከማች በማድረግ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊፈጥር ይችላል።

በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች የሚበቅለው አሜጃ የዚሁ ተክል ወገን ቢሆንም፣ ዝምድናው ብቻ የይዘት አንድነትን ስለማያረጋግጥ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

በመሆኑም በየደረጃው ያሉ የጤና ተቋማትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ ሲሰጡ፣ ተገልጋዩ ከዕፅዋት የተዘጋጀ መድኃኒት የሚወስድ መሆን አለመሆኑን ሳይወቅሱ መጠየቅና በካርዱ ላይ መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ተገልጋዩም የጀመረውን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ ከማቋረጡ በፊት ባለሙያ ማማከር ይገባዋል።