የትንሿ ጣት ሸክም

ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ሲጽፍ የሚውል ሰው ጣቶቼን ደከመኝ ይበል እንጂ፣ ጣቶችን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት በክንድ ውስጥ ነው፤ ጉልበታቸውም ወደ ጣቶች የሚደርሰው በእጅ አንጓ በኩል በሚያልፉ ረጃጅም ጅማቶች አማካይነት ነው። ከጅማቶቹ ዘጠኙ ሚዲያን ከሚባለው ነርቭ ጋር ተጨናንቀው የሚያልፉበት፣ በአጥንትና በጠንካራ ማሰሪያ የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ ካርፓል ተነል ይባላል። አንጓው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ታጥፎ ሲቆይ በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ነርቩ ሲጫንም በተለይ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ይደነዝዛሉ።

የተለመደው ኪቦርድ ይህን የሰውነት አሠራር ከግምት ያስገባ አይደለም። የቁልፎቹ ረድፎች እየተዛነፉ የተደረደሩት በ1870ዎቹ በአሜሪካ ለገበያ በቀረበው የጽሕፈት መኪና ላይ ከየቁልፉ የሚነሱት ዘንጎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ሲባል ነበር፤ ዘንጎቹ ከቀሩ ዘመናት ቢያልፉም ዝንፈቱ እስከ ዛሬ አልቀረም።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሸክም ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። በድምፅ ላይ በተመሠረቱት በብዙዎቹ የአጻጻፍ ስልቶች ሳድሱ በአንድ ምት ሲጻፍ፣ ሌሎቹ ፊደላት ተነባቢና አናባቢ እየተባሉ በአብዛኛው ሁለት ምት ስለሚጠይቁ፣ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል አምስት ምት ይፈጃል። ራብዕን የሚያስገኘው የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ቁልፍ ያለው በግራ እጅ ትንሽ ጣት ሥር በመሆኑ፣ «ባላባት» ብሎ ለመጻፍ ይህች ደካማ ጣት ሦስት ጊዜ ትሠራለች፤ «ጠ»ን እና «ጨ»ን ለማውጣት የሚያስፈልገው ሺፍትም የሚጫነው በትንሽ ጣት ነው።

ለእጅ ተስማሚ ተብለው ከሚሠሩት ኪቦርዶች ብዙዎቹ ለሁለት ተከፍለው በትከሻ ስፋት ስለሚቀመጡ አንጓ ወደ ጎን አይታጠፍም፤ መሃላቸው ከፍ ማለቱም መዳፍ ጨርሶ ወደ ታች እንዳይገለበጥ ያደርጋል፤ አንዳንዶቹም ሺፍትንና መሰረዣውን ለጠንካራው አውራ ጣት ይሰጣሉ። ዋጋቸው ግን ለብዙ ጸሐፊዎች የሚቀመስ አይደለም። ያለ ምንም ወጪ የሚደረገው ነገር በኪቦርዱ ጀርባ ያሉትን ሁለት እግሮች ማጠፍ ነው፤ እግሮቹ ሲቆሙ አንጓን ወደ ላይ ያጥፉታልና።

ኪቦርድ አቀማመጥን ያስተካክላል እንጂ የተጎዳ ነርቭን አይፈውስም። ሌሊት ጣቱ እየደነዘዘ ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው ኪቦርድ ከመለወጡ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።