በመንደር ውስጥ የሚደረግ የተፈጥሮ ጉብኝትና የማስተማር ጠቀሜታው

ተማሪዎችን ከክፍል አውጥቶ በመንደሩ ውስጥ እያዘዋወሩ ዕፀዋትንና እንስሳትን ማሳየት ብዙውን ጊዜ እንደ ሽርሽር ይቆጠራል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ከሆነም በእርግጥ ከሽርሽር አያልፍም፤ ምክንያቱም በአንድ ጉብኝት የሚገኘው ዕውቀት ስም ማወቅ ነው፤ ስሙን ደግሞ የገጠር ልጅ ከመምህሩ አብልጦ ሊያውቀው ይችላል። ከስም አልፎ የተፈጥሮን አሠራር ለመረዳት አንዱን መንገድ በተለያየ ወቅት ደጋግሞ መሄድ ያስፈልጋል።

በደጋና በወይና ደጋ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም። በመስከረም ሜዳውን ያለበሰው አደይ አበባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጠወልጋል። የጨጎጊት ፍሬ ግን በበጋው መግቢያ በተማሪው ልብስ ላይ ተጣብቆ ክፍል ድረስ ይገባል። ፍሬው በጫፉ ባሉት ጥቃቅን እሾሆች አማካይነት በእንስሳት ጠጉርና በሰው ልብስ እየተጓዘ ዘሩን እንደሚያሰራጭ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ባሕር ዛፍም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ ተክል በመሆኑ፣ በሥሩ የበቀለውን የሣርና የቡቃያ ዓይነት በወይራ ወይም በጽድ ሥር ከበቀለው ጋር ቆጥሮ ማነጻጸር ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው እንዶድ ነው። ፍሬው እየተወቀጠ ለልብስ ማጠቢያ ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንዲውል ምርምሩ ከዚያ ተነሣ። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አላስፈለገም። ሆኖም የእንዶድ ፍሬ ቢበላ ይመርዛል፤ የአስተናግር ዘርም እንዲሁ አደገኛ ነው። ስለሆነም መምህሩ መንገዱን አስቀድሞ ብቻውን ሊመለከተው ይገባል። (ስለ ሳማ ግን ልጆቹ ማስጠንቀቂያ አያሻቸውም።)

የቀረው የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ ነው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከ50 በላይ ተማሪዎችን አውጥቶ፣ አሳይቶና መልሶ ማስገባት የሚያዳግት በመሆኑ፣ በወር አንድ ጊዜ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜያት በሰሌዳው ላይ ሊመደቡለት ይገባል፤ ለመምህሩ በጎ ፈቃድ የተተወ ጉብኝት ሥራ ሲበዛ የመጀመሪያው ተሠራዥ ይሆናልና። ተማሪዎቹ በቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዛፍ ወይም አንድ የአጥር ጥግ ይረከባል። ቀኑ፣ የአየሩ ጠባይና የታየው ነገር በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም በዓመቱ መጨረሻ ለተተኪው ክፍል ይተላለፋል።