ያረጀ ውሻ ኩላሊት ላይ ሲስት ሲገኝ

አንድ የ11 ዓመት ውሻ ሆዱን አሞት አልትራሳውንድ ተነሳ እንበል። ሐኪሟ አንጀቱን ስታይ ቆይታ ኩላሊቱ ላይ ስትደርስ ክብ ጥቁር ነገር አገኘች። «ሲስት አለው» ስትል ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካንሰር ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ «አይደለም» ነው። ግን ይህን በምን ታውቃለች?

ሲስት ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ኩላሊት ደም የሚያጣራው ኔፍሮን በሚባሉ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲሆን እያንዳንዱ ኔፍሮን ቀጭን ቱቦ አለው። የአንዱ ቱቦ ግድግዳ አብጦ ፈሳሽ ሲያጠራቅም ሲስት ይሆናል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ይበዛል፤ ሰው ላይም እንደዚያው።

ጥቁርነቱ ራሱ መረጃ ነው። አልትራሳውንድ ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን ማሚቶ ወደ ምስል ይለውጣል። ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ድምፁን የሚመልስ ነገር ስለሌለ ቦታው ይጠቁራል። ድምፁ በፈሳሹ ሲያልፍ ብዙም ስለማይደክም ደግሞ ከከረጢቱ ጀርባ ያለው ሥጋ ደመቅ ብሎ ይታያል። ግድግዳው ቀጭንና ለስላሳ፣ ውስጡ ጥቁር፣ ጀርባው ደማቅ ከሆነ ቀላል ሲስት ነው ለማለት ይቻላል። ግድግዳው ከወፈረ ወይም ውስጡ ሥጋ መሳይ ነገር ካለ ግን ዕጢ ወይም መግል ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

የውሻው ዝርያም ወሳኝ ነው። ቡል ቴሪየር ሁለቱም ኩላሊቶቹ በብዙ ሲስት የሚሞሉበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለው፤ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ የተበላሸውን ጂን ቢያስተላልፍ በቂ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ያላችሁ ደግሞ ይህችን ልብ በሉ፦ በዚህ ዝርያ ሲስት የሚመስል የኩላሊት ካንሰር ቆዳ ላይ ከሚወጡ ጠንካራ እብጠቶች ጋር አብሮ ይመጣል። ምክንያቱ ፎሊኩሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን መበላሸት ነው። የሚገርመው፣ ይኸው ጂን ሰው ላይ ሲበላሽም የቆዳ እብጠትና የኩላሊት ዕጢ ያመጣል። ስለዚህ ጎበዝ ሐኪም ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን እግሩንና ጭንቅላቱን ዳሰስ ዳሰስ ታደርጋለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በእኔ እይታ ከሲስቱ ይበልጣል፦ የቀረው ኩላሊት እየሠራ ነው ወይ? ለዚህ ደም ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን ይለካል። ችግሩ ክሪያቲኒን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው፤ ከመደበኛው በላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የኩላሊቱ ሦስት አራተኛ ሥራ ካቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ ሽንቱ ምን ያህል እንደቀጠነና ፕሮቲን እንዳለው ይታያል፤ የደም ግፊቱም ይለካል።

ሕክምናውስ? ቀላል ሲስት ካላመመው አይነካም። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና አልትራሳውንድ ተነስቶ ማደጉ ይታያል፤ በቃ። ቢላ ማንሳት እዚህ ላይ ጥቅሙ አይታየኝም። ሲስቱ አድጎ ሕመም ካመጣ ወይም ኩላሊቱን ከተጫነ ግን ፈሳሹ በመርፌ ይቀዳል። ከረጢቱ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል፤ ምክንያቱም ፈሳሹን የሚያመነጩት የግድግዳው ሴሎች እዚያው ናቸው። እነሱን ለመግደል ውሻው ሰመመን ተሰጥቶት አልኮሆል በመርፌ ይገባና ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ከረጢቱ ከሽንት መስመር ጋር አለመገናኘቱ መረጋገጥ አለበት፤ ካልሆነ አልኮሆሉ ጤነኛውን ክፍል ያቃጥላል። ሲስቱ ከመገለ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ኩላሊቱን አውጥቶ መጣል የሚታሰበው ለካንሰርና ለመሳሰለው ነው፤ እሱም ሌላኛው ኩላሊት ብቻውን መሥራት ከቻለ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ያለውን የሰው ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌን፣ «አሞታል» ብላችሁ እንዳትሰጡት። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ሲስቱ ያላደረሰውን ጉዳት ክኒኑ ሊያደርስ ይችላል።