በግንብ ፈንታ ማንነት፤ ስለ ሰርቨርለስ ኤጅ አጠባበቅ

ሰርቨርለስ የሚለው ስም አሳሳች መሆኑን አስቀድመን መናገር ይገባናል። ሰርቨር የሌለበት ሥራ የለም። ነገሩ፣ ፕሮግራም ጻፊው ሰርቨሩን አይገዛም፤ አያስተዳድርም፤ የትኛው ሰርቨር ሥራውን እንደሚፈጽምለትም አያውቅም። ፈንክሽን የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ያስረክባል፤ እርሷም ጥያቄ ሲመጣ ትነሣለች፤ ጥያቄ ሲቋረጥ ትወገዳለች። ኤጅ የተባለው ደግሞ ይህችው ፈንክሽን በአንድ ማእከል ሳትወሰን ለጠያቂው በቀረበው ዳታ ሴንተር እንድትሠራ የተደረገበት ስልት ነው። አማዞን በ2017 ላምዳ አት ኤጅን፣ ክላውድፍሌር በ2018 ዎርከርስን ለሕዝብ ከፍተዋል (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በላምዳ አት ኤጅ ፈንክሽኗ የምትመዘገበው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ቅጂዎቿ ግን በልዩ ልዩ አህጉር ይሠራሉ።

እንግዲህ ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ጥበቃ የተመሠረተው በቦታ ነበር። ፋየርዎል እንደ ግቢ አጥር ይቆማል፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለው ይታመናል፤ ከውጭ ያለው ይጠረጠራል። አሁን እዚህ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባሕር ማዶ ለምትነሣ ፈንክሽን ግን አጥሩ የት ይታጠራል? «ከዚህ አድራሻ የመጣ ይግባ» የሚለው ትእዛዝም አያዋጣም፤ ያው አድራሻ የብዙ ደንበኞች ፈንክሽኖች በጋራ የሚወጡበት በር ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ጠባቂው «ከየት መጣህ?» ማለቱን ትቶ «ማን ነህ? ምንስ ተፈቅዶልሃል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

የማንነቱ ማስረጃ ቶክን ይባላል። ይህንን ለመረዳት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ማሰብ ይበቃል። ማን እንደ ሰጠው፣ ስለ ማን እንደሚመሰክር፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ተጻፈና እስከ መቼ እንደሚጸና ይገልጻል፤ ከግርጌውም ፊርማ አለበት። ፊርማው የሚደረገው በሰጪው እጅ ብቻ በሚገኝ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው፤ እውነተኛነቱን ለመመርመር ግን ለሁሉ የተገለጸው ሁለተኛው ቁልፍ ይበቃል። በዳር የቆመው ዘበኛ የማኅተሙን ናሙና ይዞ ያመሳክራል እንጂ ማኅተሙን ራሱን አይዝም። በዚህም ምክንያት ሌባ የዘበኛውን ቤት ቢዘርፍ እንኳ አዲስ ደብዳቤ ሊያትም አይችልም። ዘበኛውም ለእያንዳንዱ እንግዳ ወደ ማእከል መላላክ አያስፈልገውም። ፍጥነቱ ከዚህ የተገኘ ነው። (በ2015 አንዳንድ የቶክን መመርመሪያ ፕሮግራሞች «ፊርማ የለብኝም» ብሎ በራሱ ላይ የጻፈ ቶክን ሲቀርብላቸው ተቀብለው ሲያሳልፉ ተገኝተዋል። ዘበኛ ማኖርና ዘበኛው መመርመሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።)

ነገር ግን ይኸው ጥቅም የራሱን ጉዳት ይዞ መጥቷል። ዘበኛው ማእከሉን የማይጠይቅ ከሆነ፣ የተሻረውን ሰው በምን ያውቀዋል? ከጧቱ በሦስት ሰዓት ሥልጣኑ የተነሣበት ሠራተኛ ቶክኑ እስከ ማታ የሚጸና ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሲገባና ሲወጣ ይውላል፤ የተሰረቀ ቶክንም እንደዚሁ። ሁል ጊዜ ማእከሉን ጠይቅ ቢሉት ወደ ዳር የተወጣበት ምክንያት ይቀራል፤ መስመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነም ሥራው ሁሉ ይቆማል። የተሻሩትን ስም ዝርዝር ለየዳሩ መላክ ይቻላል፤ ሆኖም ዝርዝሩ እስኪደርስ ድረስ ክፍተት አለ። የቶክኑን ዕድሜ ማሳጠርም ይቻላል፤ ነገር ግን ባጠረ ቁጥር እድሳቱ ይበዛል፤ የሰዓቶች ጥቂት አለመስማማትም እውነተኛውን ሰው ያስመልሳል። እኛ የምናዘነብለው ዕድሜውን እንደ ሥራው ክብደት ወደ መለየቱ ነው። ለሁሉ የተገለጸ ጽሑፍ ለሚያነብ አንድ ሰዓት አይበዛበትም፤ መዝገብ ለሚለውጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ገንዘብ ለማዛወር ወይም ለመሰረዝ ሲሆን ግን መዘግየቱን ታግሦ ማእከሉን መጠየቅ ይሻላል።

የዕድሜ ማጠር ብቻውን እንደማያድን በካፒታል ዋን ባንክ ላይ የደረሰው ያስረዳል። አደጋው በኤጅ ላይ የደረሰ ባይሆንም ለጉዳያችን ይስማማል። በ2019 አንድ ሰርጎ ገብ፣ በአማዞን ክላውድ ላይ በተሳሳተ አኳኋን የተዘጋጀን የባንኩን ፋየርዎል አታልሎ ጊዜያዊ የማንነት ቁልፉን ወሰደ። በዚያም ቁልፍ በአሜሪካ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የሚመለከት መረጃ ተገኘ፤ በ2020 ባንኩ 80 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ቁልፉ እውነተኛ ነበር፤ ጊዜያዊም ነበር። ጥፋቱ የሥልጣኑ ስፋት ነው። የበር ጠባቂ የደንበኞችን ማመልከቻ ማንበብ ምን ይሠራለታል? ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉት ሊቃውንት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው ሥልጣን በላይ እንዳይሰጠው በ1975 ጽፈው ነበር። በሰርቨርለስ ግን ፈንክሽኖቹ ብዙና ጥቃቅን ስለ ሆኑ፣ ለሁሉም አንድ ማንነት ሰጥቶ በፈቃዱም ላይ «ሁሉን» የሚለውን የኮከብ ምልክት አድርጎ መገላገል የተለመደ ስንፍና ነው። ለእያንዳንዷ ፈንክሽን የራሷን ማንነት መስጠት አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ከዚህ የሚያንስ ጥበቃ ጥበቃ ነው ብለን ለመጥራት አንደፍርም።

ማንነት በበዛ መጠን ደግሞ መዝገቡን የሚይዝ ያስፈልጋል። ክላውድፍሌር ራሱ በኦክቶበር 2023 ኦክታ በተባለው ኩባንያ በኩል ቁልፎቹ ከወጡበት በኋላ፣ ከሺዎቹ መካከል አንድ ቶክንና ሦስት የአገልግሎት አካውንቶች «አይሠራባቸውም» ተብለው ሳይለወጡ ቀሩ። በኖቬምበር ሰርጎ ገቡ በእነዚያው ገባ። ፈንክሽን ስትሰረዝም ማንነቷ አብሯት አይሰረዝም፤ በአማዞን ዘንድ የላምዳ ፈንክሽን ብትሰረዝ የተሰጣት ሥልጣን፣ ባለቤቱ ለብቻው እስካልሰረዘው ድረስ፣ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ይኖራል።