ስላይድ፦ ከሪፖርቱ የተለየ ሥራ

ስላይድ ማለት ተናጋሪ እየተናገረ ታዳሚው እንዲያየው ግድግዳ ወይም ሸራ ላይ የሚታይ ገጽ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፓወር ፖይንት የተባለው ፕሮግራም በሮበርት ጋስኪንስና በዴኒስ ኦስቲን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ወጣ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ፕሮግራሙን ያወጣውን ኩባንያ በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በፊት ጥቁር ሰሌዳና ፍሊፕ ቻርትም ይሠራባቸው ነበር። መብራት በማይደርስበት ቀበሌ ፍሊፕ ቻርት አሁንም የሚተካው የለም።

በኢትዮጵያ ስላይድ የተለመደው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ፣ ሌላው የመሥሪያ ቤት የአፈጻጸም ግምገማ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በጥሊሊም ሆነ በአዊ ዞን ከተማ በእንጅባራ፣ የ6 ወርና የ9 ወር ሪፖርት ሲደርስ ኤልሲዲ (ፕሮጀክተር) ይፈለጋል። የሪፖርቱ ቅደም ተከተልም የታወቀ ነው፦ መግቢያ፣ የዕቅድ ክንውን፣ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች። ችግሩ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከወርድ ፋይል ተቀድቶ እንዳለ ስላይድ ላይ ሲለጠፍ ነው። አቅራቢው ጀርባውን ለታዳሚው ሰጥቶ ያነባል። ዓይን ከአንደበት ስለሚፈጥን ታዳሚው ቀድሞት ይጨርሳል፤ እያነበበም እያዳመጠም ስለሆነ ከሁለቱ አንዱንም በቅጡ አይዝም። ሪፖርት ለብቻው የሚነበብ ሰነድ ነው። ስላይድ ግን ያለ ተናጋሪው ጎደሎ መሆን አለበት።

በጽሑፍ የታጨቀ ስላይድ ከማሰልቸት ያለፈ ጉዳትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ጠፈርተኞችን እንደያዘች ከተበታተነች በኋላ፣ አጣሪዎቹ ከመረመሯቸው ነገሮች አንዱ በበረራው ወቅት ለኃላፊዎች የቀረበ ስላይድ ነበር። አደጋውን የሚጠቁመው ቁም ነገር ከብዙ ዝርዝር በታች፣ በትንሽ ፊደል ተቀብሮ ተገኝቷል።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀመረው ኮምፒውተር ሳይከፈት፣ ስብሰባው ምን እንዲወስን ወይም ምን እንዲያውቅ እንደሚፈለግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ በመጻፍ ነው። የእያንዳንዱ ስላይድ ርዕስም እንዲሁ ሙሉ ሐሳብ መያዝ አለበት። ለምሳሌ የአዊ ደጋ አፈር በአሲዳማነቱ ይታወቃል፤ ለእርሻ ባለሙያውም የተለመደ ርዕሰ ጉዳይ ነው። «የአፈር አሲዳማነት» የሚል ርዕስ ለታዳሚው ምንም አይነግረውም። «ኖራ የተጨመረበት ማሳ የተሻለ ስንዴ ሰጥቷል» የሚለው ግን ሐሳቡን ጨርሶ ይነግረዋል። ከሥሩ የሚቀመጠውም የሁለቱ ማሳዎች ፎቶ ወይም አንድ ግራፍ ብቻ ነው። የቀረውን ባለሙያው በቃሉ ይናገራል።

የአማርኛ ስላይድ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከእንግሊዝኛ መምሪያ የሚቀዳ ሰውም የሚዘነጋው ይህንኑ ነው። በግዕዝ ፊደል ‹ቲ›ን ከ‹ቴ› የሚለየው እግሩ ላይ ያለች ጭረት ወይም ቀለበት ናት። ከኋላ ወንበር ሲታይ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ጋይ ካዋሳኪ የተባለው አሜሪካዊ ያስፋፋው «10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ 30 ነጥብ ፊደል» የሚል ደንብ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደ ጉዳዩ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን ለእኛ ፊደል ይበልጥ ይሠራል። አማርኛ አድራጊውንና ተደራጊውን በአንድ ግስ ውስጥ ስለሚያጠቃልል ቃላቱ ረጃጅም ናቸው፤ በሁለቱም ጠርዝ እኩል የተደረገ አንቀጽ ደግሞ በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል። ወደ ግራ ማሰለፍ ይሻላል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ማጉላት የሚፈለገው ቃል በወፍራም ፊደል ወይም በቀለም ይለያል። ማጋደል መልኩን ያበላሸዋል።

ፎንትም መታየት አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። በአዊኛ የሚያቀርብ ሰው ደግሞ ‹ጘ› በመረጠው ፎንት መኖሩን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ወይም አንድ ፒዲኤፍ ቅጂ በፍላሽ መያዝ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

በምርት ግራፍ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። ዓመተ ምሕረቱ እንደ ተራ ቁጥር ከገባ ኤክሴል እንደ ምርት ቆጥሮ፣ ከኩንታሉ ጎን 2016 የሚያህል ዓምድ ያቆምለታል። ዓመቱን እንደ ጽሑፍ ማስገባትና «ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ይህንንም፣ ከእ.ኤ.አ. ጋር መምታታቱንም ያስቀራል።

አዳራሹን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። መጋረጃ በሌለበት ክፍል የቀን ብርሃን ፈዛዛ ቀለምን ይውጠዋል፤ እዚያ ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢሠራም ኤልሲዲው አብሮ ይጠፋል። ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች የያዘ አንድ ገጽ አትሞ መያዝ፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ስብሰባው እንዳይቆም ያደርጋል።

የመጨረሻው ስላይድ በልማድ «አመሰግናለሁ» የሚል፣ ብዙ ጊዜም አበባ ያለበት ነው። ምስጋናውን በቃል ማቅረብ ይበቃል። ጥያቄና ውይይቱ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሸራው ላይ መቆየት ያለበት ቤቱ እንዲወስንበት የተጠየቀው ሐሳብ ነው። ይጠየቃሉ ተብለው የተጠረጠሩት ዝርዝር ሰንጠረዦች ከእሱ ቀጥለው ይቀመጣሉ፤ ጠያቂ ሲመጣ ብቻ ይከፈታሉ።