ፊርማ የሌለው ሸክላ ዕድሜው በምን ይታወቃል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ የምትገኘው ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንዲህ ባለ የደጋ ገበያ ሸክላ የራሱ ተራ አለው። ሴቶች በጀርባቸው ወይም በአህያ ያመጡትን እንስራ፣ ማሰሮ፣ ምጣድ፣ ድስትና ጀበና ገለባ ላይ ይደረድራሉ። ገዢዋ ዕቃውን በአንድ እጇ አንጠልጥላ በሌላው ጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ትገዛዋለች፤ ከታፈነ የማይታይ ስንጥቅ አለበትና ትመልሰዋለች። አገላብጣ ስታየው የሠሪዋን ስም ወይም የተሠራበትን ዓመት አትፈልግም። ቢፈለግም አይገኝም።

ያው ጀበና ከሠላሳ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች በአንዱ፣ ወይም ዋሽንግተን በሚኖር የጎጃም ልጅ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ነው ጥያቄው የሚነሳው። መቼ ተሠራ? የት? ለምን አገልግሎት? ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ «የጎንደር ዘመን ነው» ብሎ ይገላገላል። ገዢው ደግሞ መጥቆሩን አይቶ ያምናል። እንዲህ ያለው ግምት ሸክላውንም ሠሪዋንም ይበድላል፤ ምክንያቱም ዕቃው ራሱ፣ መጠየቅ ለሚያውቅ ሰው፣ ብዙ ይናገራል።

የአውሮፓና የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ሥራ በዚህ በኩል ይቀላል። የጀርመኑ የማይሰን የፖርስሊን ፋብሪካ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በዕቃዎቹ ቂጥ ላይ ሁለት የተመሳቀሉ ሰይፎችን ሲስል ቆይቷል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት በሕግ አዘዘች። ስለዚህ የአገር ስም ያለበት ሳህን ሲገኝ ከዚያ ዓመት በኋላ የመጣ ስለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው። በጓሮ ተቃጥሎ በገበያ ለሚሸጥ ማሰሮ ይህ ሁሉ አይሠራም።

እኛ ዘንድ ምልክቱ የጠፋበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ሸክላ ሠሪ በደጋው አገር ለረጅም ዘመን የተናቀ ሰው ነበር። ቡዳ ይባል፣ መሬት ይነፈግ፣ በጋብቻም ይገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ የተለመደ ስለነበረ ነው። ወጡን በማሰሮዋ እየሠራ፣ ጠላውን በጋኗ እየጠመቀ ሠሪዋን የሚንቅ ኅብረተሰብ ስሟን ጻፊ አይላትም። በጃፓን ያናጊ ሶኤትሱ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስም ያልተጻፈበትን የገበሬ ሸክላ ማድነቅ ጀምሮ በ1936 ቶኪዮ ውስጥ ሙዚየም አስከፈተለት። እዚያ ስም የለሽነት እንደ ክብር ተቆጠረ። የእኛን ስም የለሽነት ግን እንደ ክብር ልንቆጥረው አንችልም፤ ብዙው ከንቀት የመጣ ነው።

ወደ ዕቃው እንመለስ። መጀመሪያ የሚጠየቀው እንዴት እንደተሠራ ነው። የገጠር ሸክላ በእጅ ይሠራል። ሸክላ አፈር ይወቀጣል፤ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ አሮጌ ገል ይቀላቀልበታል፤ ከዚያ በእጅ እየተሳበና እየተገነባ ይነሣል፤ ጠፈፍ ሲል ይፋቃል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ በመጨረሻ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር ይቃጠላል። እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ግድግዳውን ብትዳስሱ አንዱ ጎን ወፍሮ ሌላው ይሳሳል፤ የጣት ጫና ያለፈበት ጎድጎድ ያለ ቦታም ይገኛል። እንደ ጠመዝማዛ ክር የሚዞር ወጥ መስመር ከተገኘ፣ ቂጡም በክር እንደተቆረጠ ከሆነ፣ በሚሽከረከር ገበታ ላይ የተሠራ ነውና የቅርብ ጊዜ ወርክሾፕ ሥራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከውጭ በኩል ደግሞ ጥቁርና ቀይ ደመና የመሰለ ጉራማይሌ ቢታይ፣ ነዳጁ ገላውን የነካበት ቦታ ነው፤ ሜዳ ላይ የተቃጠለ ለመሆኑ ምስክር ነው። የተሰበረ ቦታ ካለ መሐሉ ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ ቡናማ ሆኖ መገኘቱም እሳቱ ፈጣን እንደነበረ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ዕድሜ የሚነግረን ጥቂት ነው። በአክሱም ዘመንም ሸክላው በእጅ ይሠራ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ጥቁረትም ዕድሜን አያሳይም። ሠሪዋ ዕቃውን ከእሳት ትኩሱን አውጥታ ጭድ ወይም ቅጠል ውስጥ ብትከተው በደቂቃዎች ውስጥ ጠቁሮ ይወጣል። የትናንት ጀበና ከአያት ጀበና የበለጠ ሊጠቁር ይችላል።

ዕድሜን የበለጠ የሚገልጠው የሥራው ጠባሳ ነው። እንስራን ውሰዱ። በደጋው ሴቶች ውኃ ሲቀዱ እንስራውን በገመድ አስረው በጀርባቸው ያዝሉታል። ገመዱ ለዓመታት የተመላለሰበት ሆድ ላይ ጠበብ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ ይቀራል፤ ጆሮው ሥርም ይለሰልሳል። ቂጡ ማቶት ላይ ሲቀመጥ ሲነሣ ክብ ሆኖ ይበላል። ውስጡ ከምንጭ ውኃ የተረፈ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ከተገኙ ዕቃው በእርግጥ ሠርቷል። ቀጥሎ የሚጠየቀው በዚያ መንደር ፕላስቲክ ጀሪካን መቼ እንደገባ ነው። ጀሪካን ከገባ ወዲህ በእንስራ ውኃ የሚቀዳ እየቀነሰ ስለሄደ፣ በገመድ ክፉኛ የተበላ እንስራ ከዚያ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ባለቤቷን አዛውንት «እማማ፣ በዚህ ነው ውኃ የሚቀዱት የነበረው? ጀሪካኑ ሲመጣ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ዓመት ሊሰጥ ይችላል።

ጋን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይናገራል። ጠላ ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ የሸክላውን ውስጥ ገላ ቀስ በቀስ ይበላዋል። መብራት ይዛችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ፈንጣጣ የመታው ፊት የመሰለ፣ የተላላጠ ሰፊ ክፍል ታገኛላችሁ። ጆን አርተር የተባለው አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት በጋሞ ደጋ ይህንኑ አጥንቶ፣ በዚህ መልኩ የተበሉት ዕቃዎች የሚበዙት እህል ተርፎት ጠላ መጥመቅ በሚችለው ባለጸጋ ቤት መሆኑን አሳይቷል። ማለትም አንድ ጋን ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ኑሮ ይዞ ይቆያል። ጋን ከቦታው ብዙ ስለማይነቃነቅ ዕድሜው ከማሰሮ እጅግ ይረዝማል። በየቀኑ እሳት ላይ የሚጣድ ማሰሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሰበራል፤ ጓዳ ጥግ የተተከለ ጋን ግን ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ «የቅድመ አያቴ ነው» የተባለ ጋን ሊታመን ይችላል። «የቅድመ አያቴ ነው» የተባለ የወጥ ማሰሮ ግን ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል።

ጀበና ላይ ታሪክ ራሱ ወሰን ያበጅልናል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ድረስ በክርስቲያኑ ደጋ ቡና የእስላም መጠጥ እየተባለ ይነቀፍ ነበር። ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ነቀፌታው እንዲቀር መርዳታቸው ነገሩን ለወጠው። ስለዚህ ከጎጃም ክርስቲያን ገበሬ ቤት የወጣ ጀበና «ሦስት መቶ ዓመቱ ነው» ሲባል በጥርጣሬ መታየት አለበት። ጣና ዳር ያለችው ዘጌ ቡና አብቃይ ናት፤ ሙስሊም ነጋዴዎችም ቀድመው ይጠጡ ነበርና ጥርጣሬው ፍርድ አይሁን። ግን ሻጩ የተገኘበትን ቤት ሊነግረን ይገባል።

በእጃችሁ ያለውን ጀበና ስትመረምሩ ከቂጡ ጀምሩ። ለብዙ ዓመት ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና ጥቀርሻው ከገላው ጋር ተዋህዷል፤ በእርጥብ ጥጥ ቢታሽ ጥቂት ብቻ ይለቃል። ከላይ የተቀባ ከሆነ ጥጡ ወዲያው ይጠቁራል፤ አንዳንዴም የጫማ ቀለም ወይም የዘይት ሽታ ይመጣል። ከዚያ እጀታው ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ዳስሱ፤ ያ ቦታ ከሌላው ይልቅ መለስለስ አለበት። ሆን ተብሎ ያረጀ ዕቃ ሁሉም ቦታው እኩል የተፋቀ ይሆናል፤ እውነተኛ እርጅና ግን እጅና እሳት በነኩት ቦታ ብቻ ይታያል። ቡና የጠጣ ሸክላ ጠብታ ውኃ ቢያርፍበት ቶሎ አይመጥም፤ ገና ያልተሟሸ አዲስ ሸክላ ግን ጠብታዋን ወዲያው ይስባታል።

የቂጡ ቅርጽም መልስ አለው። የድሮው ማሰሮና ድስት ሦስት ጉልቻ ላይ ለመጣድ ስለሚሠራ ቂጡ ክብ ነው። ጠፍጣፋ ቂጥ ያለው ዕቃ ለጠረጴዛ ወይም ለመደርደሪያ የታሰበ ነው። ከሥሩ ፍም የሚያዝበት የሸክላ ጥብስ ማቅረቢያ፣ እንዲሁም ተጋቢኖ የሚንተከተክበት ትንሽ ድስት የከተማ ምግብ ቤት ልጆች ናቸውና ከአያት ጓዳ ወጡ ቢባል ማመን ይከብዳል። በሌላ በኩል፣ አፉ ላይ ወይም ክዳኑ ላይ ለቧንቧ የሚሆን ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ሲገኝ ብዙ ሰው ምሥጢራዊ የአምልኮ ዕቃ ያደርገዋል። በጮቄ ዙሪያ ቀርቀሃ በሚበቅልበት አገር ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ አረቄ ማውጫ ነው፤ ቀዳዳውም የቀርቀሃው ቧንቧ መግቢያ ነው።

ከአማራ ክልል ወጥቶ በውጭ ሰብሳቢዎች እጅ በብዛት የሚገኘው ፊርማ አልባ ሸክላ የጎንደሩ ወለቃ ሥራ ነው። የይሁዳ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ እንሥራ ያዘለች ሴት የመሳሰሉት ትንንሽ ምስሎች በቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ ተሠርተው ለጎብኚ ሲሸጡ ቆይተዋል። እነዚህ ምስሎች ለቤት አገልግሎት የሚውሉ ስላልነበሩ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የጎብኚ ገበያ ልጆች ናቸው። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከነበሩት ታላላቅ ጉዞዎች ጋር ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሥራውን በአካባቢው የቀሩት ክርስቲያን ሴቶች ቀጠሉበት። ስለዚህ ለዚህ ሸክላ ዋናው ጥያቄ ከ1983 በፊት ወይስ በኋላ ተሠራ የሚለው ነው፤ የገዢው ደረሰኝ ወይም የጉዞ ፎቶግራፍ ካለ ይህን ለመለየት ይረዳል። እውነቱን ለመናገር በመልክ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

ላቦራቶሪስ? ሸክላ ሲቃጠል በውስጡ ያሉ ማዕድናት የያዙትን ኃይል ይለቃሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአካባቢው ጨረር እንደገና ያጠራቅማሉ። ቴርሞሉሚኔሰንስ የተባለው ዘዴ ይህን ክምችት ለክቶ የመጨረሻው ትልቅ እሳት መቼ እንደነበረ ያሰላል። አክሱምን ከመሰለ ጥንታዊ ቦታ ለወጣ ሸክላ ድንቅ ዘዴ ነው። ሰማንያ ዓመት ከመቶ ሃያ ለመለየት ግን የስህተት ልኩ ራሱ ሰፊ ነው፤ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደጋግሞ የጋለ የማዕድ ቤት ዕቃ ደግሞ ቆጠራውን እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል። ጥቀርሻውን ወይም የምግብ ቅሪቱን በካርቦን 14 መለካትም ይቻላል። ሆኖም ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ የካርቦን ኩርባው ስለሚወዛወዝ አንድ ናሙና ሁለትና ሦስት የተራራቁ ዓመታትን ይሰጣል። በቤት ውስጥ ያለ ሸክላ አብዛኛው የሚወድቀው በዚሁ ዘመን ነው።

ከእርሻ ወይም ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ሸክላ ጉዳዩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል። ቦታው ሳይመዘገብ የተነሣ ገል ግማሽ ታሪኩን ያጣል፤ ምክንያቱም አርኪዮሎጂስት ዕድሜውን የሚያውቀው ከጎኑ ከተገኘው ከሰል፣ አጥንትና ሳንቲም ጋር ነው። ማጠብ፣ መፋቅ፣ በሙጫ መለጠፍም አይገባም። ቅርስ ከአገር ይዞ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዳያስፖራ ወገኖቻችን የቤተሰብ ዕቃ ሲወስዱ አስቀድመው ቢጠይቁ ኤርፖርት ላይ ከመቸገር ይድናሉ።

ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ። በቤታችሁ አሮጌ እንስራ፣ ጋን ወይም ጀበና ካለ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት እያሉ ጠይቁ። ከየት ገበያ ተገዛ? ለየትኛው ሠርግ ወይም ክርስትና? ሠሪዋን ያውቋት ነበር? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዕቃው ውስጥ አስቀምጡት። አዲስ ሸክላ ስትገዙ ደግሞ ሮብ ገበያም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የሠሪዋን ስም ጠይቁና ከተገዛበት ቀን ጋር አብራችሁ ጻፉት።