የማኅበረሰብ ጤና መድንና የደም ግፊት ደዌ

ደም ግፊት ከብዙ ደዌያት የሚለይበት ጠባዩ፣ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ሳያሳምምና ሳያስነጥስ ዓመታት ቆይቶ ልብን፣ አንጎልን ወይም ኩላሊትን በድንገት መምታቱ ነው። በ2007 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆነ ሰዎች ከመቶ 16 የሚያህሉት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ ሕመም የማይሰማው ሰው፣ በእጁ ያለችውን ጥቂት ብር ለጤፍ ያውላት ወይስ ግፊቱን ለሚያወርደው አምሎዲፒን ክኒን ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ለጤፉ ቢያደላ ማን ይፈርድበታል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህን በየወሩ የሚመላለስ ክርክር ከሕሙሙ ልብ ማውጣቱ ነው።

ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከትግራይ የተመረጡት አሕፈሮም፣ ታሕታይ አድያቦና ከመቐለ በስተሰሜን ያለችው ክልተ አውላዕሎ ነበሩ። አሠራሩ እድር ለለመደ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ የወር ደመወዝ የሌለው ገበሬ፣ ጉልት ሻጭ ወይም የቀን ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ ቤተ ሰቡን ሁሉ በአንድ መታወቂያ ያስመዘግባል። ከእድር የሚለየው መክፈል የማይችሉትን ነዳያን ከመዝገብ አለመፋቁ ነው፤ የእነርሱን መዋጮ ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። አባሉ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ በዚያም ባለሙያው ክንዱን በመለኪያው ጨርቅ ጠቅልሎ አየር ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ያስተነፍሳል፣ ቁጥሩን በካርዱ ላይ ይጽፋል። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከሰነበተ መድኃኒትና ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ነገሩ ከጠና በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል፣ ሲብስም በትግራይ እስከ መቐለው አይደር ሆስፒታል ይላካል።

ይህ ሁሉ ለኑሮ ምን ይፈይዳል ቢሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት የሚመዝንባቸው 26 ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ። ስለ ሥጋ ሕመም ብቻ አይጠይቁም፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ወዳጅነት፣ ገንዘብህ ለሚያስፈልግህ ይበቃሃልን፣ ሕክምና በማግኘትህስ ትረካለህን እያሉ ይጠይቃሉ። ግፊቱን ክኒኑ ያወርደዋል፤ የገንዘቡን ሥጋትና ከእርሱም የሚወለደውን የሌሊት ሐሳብ ግን ክኒን አያወርደውም፤ መድኑ የሚገባው በዚህ ነው።

ነገር ግን መታወቂያው መድኃኒት አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በሆነው ጦርነትና በተከተለው ከበባ ባንኮች ተዘግተው፣ የአይደር መጋዘን ሳይቀር መድኃኒት አልቆበት፣ ለዓመታት ክኒናቸውን ሳያስተጓጉሉ የኖሩ ሕሙማን ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ ልዩነት አልነበራቸውም። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

በሰላም ዘመንም ቢሆን፣ በአገሪቱ ብዙ የመንግሥት ጤና ተቋማት፣ የፋርማሲው ባለሙያ መደርደሪያውን አይቶ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የሚልበት ቀን አይጠፋም። አባሉ ያን ጊዜ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል፤ የዓመቱ እድሳት ደርሶ መዋጮ ሰብሳቢው ደጁን ሲያንኳኳም፣ ስለዚያች ሁለተኛ ክፍያ ሳይጠይቀው ብሩን አይቆጥርለትም።